ሌላ አይገጥምም

ወጋየሁ ፎቶ አንሺ ነው። ከላፍቶ ወደ ሃና ማርያም በሚወስደው ጭቃ መንገድ ዳር፣ የቤቱን የፊት ክፍል ፎቶ ቤት አድርጎ፣ የሰፈሩን ክርስትናና ሠርግ ሲያነሳ ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። ሠርግ ቤት ግን ብቻውን ገብቶ አያውቅም። ሚስቱ እማዋይሽ ሁልጊዜ ከጎኑ አለች፤ እሱ ካሜራውን ሲደቅን እሷ ፍላሹን ከፍ አድርጋ ትይዝለታለች። ፍላሹ ባትሪው በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በገመድ ከካሜራው ጋር የሚገናኝ የድሮ የጀርመን ዕቃ ነው፤ ሰፈሩ «ጀርመኑ» እያለ ይጠራዋል። ሙሽሪት ጠይም ከሆነች ቀረብ፣ ቀላ ካለች ራቅ ታደርገዋለች። አማት ያኮረፈች እንደሆነ ደግሞ ወደ ዳሱ ሸራ ቀና ታደርገዋለች። ከላይ ዞሮ የሚወርድ ብርሃን ኩርፊያ ይደብቃል ባይ ናት። ይህን ማን አስተማራት ቢባል፣ ማንም። ዓይን ያለው ሰው አንድ ነገር ሃያ ዓመት ሲይዝ ይገባዋል፤ ሁላችንም ባይገባን ነው የሚገርመው።

ታዲያ ብርሃኑን የያዘ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገባም። እማዋይሽ በስንትና ስንት ሠርግ ተገኝታ፣ ባሏ ያነሳት አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። ጎረቤት ይህን እያነሳ ሲያሾፍባት ትስቅና፣ መልኬን የፈለገ በሬ ክፍት ነው መጥቶ ይየኝ ትላለች። መልሱ ያስኬድ ነበር፤ ናዝሬት የምትባለው አንድ ልጇ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ እስክትሄድ ድረስ። ቤሩት ካለ ሰው ቤት ደግሞ፣ እንኳን መጥቶ ማየት፣ በር ላይ መውጣትም በፈቃድ ነው። አሠሪዋ እመቤት ፓስፖርቷን ቆልፋበታለች፤ ኮንትራቱ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እማዋይሽ ሆዴን ማለት ጀመረች። ሐኪሞቹ አገላብጠው አዩና ለእሷ «ይሻልሻል» አሏት፤ እሱን ወደ ጎን ጠርተው «ቤት ወስደህ ደስ ያላትን አብላት» አሉት። ይህች ንግግር ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። ወጋየሁም አወቀ፤ አውቆም እስከ ቤቱ ድረስ በታክሲ ሙሉ ሰው ፊት እንባውን እየዋጠ መጣ።

ናዝሬት እሁድ እሁድ በጎረቤታቸው በእትዬ በቀለች ስልክ ትደውላለች። እናቷ ተደግፋ እየሄደች፣ ጉንፋን ነው፣ የክረምት ነገር ነው ትላታለች። ልጅቱ ግን የእናቷን ድምፅ ስታውቀው ኖራለች፤ ድምፁ መንምኗል። እንግዲያው ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ፊትሽን ልየው አለች። እማዋይሽ እንቢ አለች። አስባበት ነው እንቢ ያለችው። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ ልጄ ይህን ፊት ታቅፋ በሰው አገር ስታለቅስ እንድታድር አላደርግም አለች። ወጋየሁ በፊልም ካሜራው አንድ ብቻ ላንሳሽ፣ አይተሽ ካልወደድሽው እንጥለዋለን ብሎ ለመናት።

«ፊልምህን አላምነውም» አለችው። «አንዴ ከገባሁበት አንተ እኔን ቆርጠህ አትጥልም። የሆነ ቦታ ትሸሽገኛለህ።»

ልክ ነበረች። እንኳን የእሷን፣ የማያውቃቸውን ሙሽሮች ፊልም አንድ ቀን ጥሎ አያውቅም።

ልጅም የእናቷን ጠባይ ታውቃለችና መላ አበጀች። አሠሪዎቿ አዲስ ገዝተው የተዉትን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ለምና ወሰደች፤ ወደ አገሯ ለምትመለስ ጓደኛዋ ሰጥታም ላከችው። ፊልም የለውም አለች በስልክ፤ ከጀርባው ባለች ትንሽ መስታወት ላይ ፎቶው ወዲያው ይታያል፤ እማዬ ትየው፣ ካልወደደችው በገዛ ጣቷ ታጥፋው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ ፊልምን አላምነውም ያለችው እማዋይሽ በዚህ ተረታች። እንዲያውም ደስ አላት። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ትራስ አስደግፋ ተቀመጠች።

ያ ከሰዓት ለወጋየሁ መጥፎ ከሰዓት ነበር። የካሜራው የራሱ ፍላሽ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት፤ ከሌንሱ አጠገብ ተቀምጣ ብርሃኗን ፊት ለፊት ትተፋለች። ሲያነሳት ጉንጯ ጥላ ያዘ፣ ግንባሯ ነጣ፣ የአጥንቷ ቅርጽ ከቆዳዋ ቀድሞ ወጣ። እማዋይሽ መስታወቷን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች፤ ቁልፉን ተጭናም አጠፋችው። ደገመ፤ አጠፋች። ከቀኝ አነሳት፣ ከግራ አነሳት፣ በፍላሿ ላይ ሶፍት አድርጎም አነሳት። እሷ እያየች፣ እስቲ ይቺንም ላጥፋት እያለች፣ የአንድ ሰው ፊት በገዛ ጣቷ ስትጨርስ አመሸች። ወጋየሁ ውኃ ላምጣ ብሎ ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ አለቀሰ።

የፀሐይ ብርሃን የት ሄዶ ነው የሚል ይኖራል። ክረምት ነው፤ ሰማዩ ከላፍቶ እስከ ፉሪ ድፍን ብሏል። የመኝታ ቤቱ አንድ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ግቢ ላውጣሽ ሲላት ደግሞ፣ የሰፈር ዓይን አያርፍብኝም ብላ ተቆጣች። ይልቅ የሚሆነውን ያወቀችው ራሷ ናት።

«ብርሃኑ ፊቴን ተጋፍጦ ነው የሚመታኝ» አለችው። «ወደ ኮርኒሱ ምታውና ዞሮ ከላይ ይውረድልኝ።»

ይህ እንዲሆን ሌላ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ራሱ ቀና የሚል፣ ጉልበት ያለው። ካሜራው በአናቱ ላይ ፍላሽ የሚገባበት የብረት ማስገቢያ አለው። ምን ዓይነት ፍላሽ ይግባበት ነው ጥያቄው፤ የወጋየሁ የዚያ ክረምት ሕይወትም በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው ሚስቱ እየሞተችበት ፍላሽ ይመርጣል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ሌላ ምን ይምረጥ እለዋለሁ። ሐኪሞቹ ሌላ የሚመረጥ አልተዉለትም።

መጀመሪያ በውይይት ታክሲ ሣሪስ ወረደ። አብዶ የሚባል ሬዲዮና ካሜራ የሚጠግን ወዳጅ አለው። አብዶ እንዲህ ያለ ካሜራ በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው፤ እያገላበጠ አደነቀው። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ትንሽ ፍላሽ ፈልጎ አወጣ። ይህቺ ገመድም ማስገቢያም አትፈልግም አለ፤ ደረቷ ላይ ዓይን አላት፣ የሌላ ፍላሽ ብርሃን ስታይ እሷም ትበራለች። ወጋየሁ ይዟት ተመለሰ። ቤቱ ሲደርስ የአቡጀዲው ኮርኒስ ዝናብ አፍስሶበት ቡናማ ሆኗልና፣ ነጭ አንሶላ ከላይ በምስማር ወጠረ። ፍላሿን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ ወደ አንሶላው አዞራትና አነሳ።

ክፍሉ በብርሃን ተሞላ። ፎቶው ግን ከሞላ ጎደል ጨለማ። ደገመ፣ ያው። ሰለሰ፣ ያው። ወጋየሁ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ብርሃኑን አይቶታል እኮ፣ አንሶላው ላይ ሲነጣ አይቶታል። ብርሃንን ከወደቀበት አንስቶ የሚወስድ ሌባ አለ እንዴ እያለ ከካሜራው ጋር ሲጣላ እማዋይሽ ከአልጋዋ ጠራችው።

«ወጋየሁ፣ ካሜራህ ሁለቴ ነው የሚጠቅሰው።»

እውነቷን ነው። ካሜራው መጀመሪያ አንዴ ብልጭ ብሎ ብርሃኑን ይለካል፣ ቀጥሎ ብልጭ ሲል ነው ፎቶውን የሚያነሳው። ባለ ዓይኗ ፍላሽ የፊተኛውን አይታ ጉልበቷን ትጨርሳለች፤ ካሜራውም ብርሃኑ በቂ ነው ብሎ የራሱን ይቆጥባል፤ ዋናው ሲመጣ እሷ ገና ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ጥቅሻ ማስተው ይቻል እንደሁ ብሎ ቁልፎቹን ሁሉ ነካካ፤ አልሆነለትም፤ ከካሜራው ጋር የመጣው መጽሐፍም በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ነው። ፍላሿን ለአብዶ መለሰለት።

እሁድ ናዝሬት ስትደውል ነገሩን አስረዳትና፣ እስቲ እዚያ ያሉ ባለሱቆች ምን እንደሚሉ ጠይቂ አላት። ልጅቱ ለገበያ በወጣችበት የካሜራ ሱቅ ገብታ ጠየቀች። ባለሱቁም ከዚያው ፋብሪካ ከወጣው በቀር ሌላው ፍላሽ አይስማማውም፣ በተለይ የጥንቱ ካሜራውን ይገድለዋል ብሎ በእጁም በአፉም ነገራት። እሷ ግን ዓረብኛዋን የተማረችው ወጥ ቤት ነው። ከነገሩ ውስጥ የያዘችውን ያህል ይዛ፣ በሚቀጥለው እሁድ ለአባቷ በአማርኛ እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ ከራሱ በቀር ሌላ አይገጥምም ብሏል።»

እንግዲህ አማርኛችን ደግ ነው፤ አንዱን ቃል ለብዙ ነገር ያበድራል። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል፣ ቡድን ከቡድን ይገጥማል፣ መከራም ሰውን ይገጥማል። ወጋየሁ የሰማው የክዳኑንና የድስቱን ነው። ሌላ አይገባበትም ማለቷ መስሎት ቤቱ ገብቶ፣ ጀርመኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣው። የገመዱን ጫፍ ወደ ካሜራው ማስገቢያ ሲገፋው ሰተት ብሎ ገባ፤ ሲነቀንቀውም አልወለቀም። ገጠመ። ለሱ የተሠራ ነው የሚመስለው።

በአንድ በኩል ፈራ። እሁድ የሰማው ቃል ልቡ ውስጥ አለ። ጀርመኑንም ካሜራውንም በፌስታል ይዞ ተመልሶ አብዶ ዘንድ ሄደ። አብዶ አስገብቶ አወጣው፣ ደግሞ አስገባው። ኧረ ገጥሟል እኮ ጋሼ አለ፤ የቤሩቱ ባለሱቅ ነጋዴ ነው፣ የራሱን ካልሸጠ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሌላ አይገጥምም ካላለ ምን ይበላል። ጀርመኑንም በአሮጌ የፊልም ካሜራ ላይ ሞክሮ ቦግ አደረገውና በሉ ሂዱ አለው። የድሮው ፍላሽ በበራ ቁጥር ወደ ካሜራው የሚመልሰው ኃይል እንዳለ፣ የፊልሙ ካሜራ ብረት ሆዱ የሚችለውን ይህ ትንሹ እንደማይችል ሁለቱም አላወቁም። አላወቁም ብዬ ነው የማልፋቸው። በዚያ ሳምንት እማዋይሽ ሾርባ መዋጥ አቁማለች፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

በማግስቱ እትዬ በቀለች ጀርመኑን ልትይዝ መጣች። በቀለች ደግ ሴት ናት፣ ግን እንኳን ፍላሽ ጃንጥላ ስትይዝም ሰው ታስመታለች። እማዋይሽ ከትራሷ ላይ ሆና ትመራት ጀመር። ወደ ላይ፤ ትንሽ ወደ መስኮቱ፤ በዛ፣ መልሺው፤ አሁን ቀጥ በይ። ሃያ ዓመት ለሰው ሁሉ ስታደላድል የኖረችውን ብርሃን፣ ለገዛ ፊቷ ስታደላድል ይኸው የመጀመሪያዋ ነው። ይህን እያሰበ ወጋየሁ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ቁልፉን ተጫነ።

ብርሃኑ ወደ አንሶላው ወጣ፤ ከዚያም ለስልሶ ወረደ። ትንሿ መስታወት ላይ እማዋይሽ ብቅ አለች። ጉንጯ ሞላ ብሏል፣ ጥላው ሸሽቷል፤ በበቀለች አያያዝ ልትስቅ ስትል ነው የተያዘችው፣ የከንፈሯ ጠርዝ ተነስቷል። ወጋየሁ ወደ ዓይኗ አስጠጋላት። አየች። ጣቷን ወደ ማጥፊያው ቁልፍ አልሰደደችም።

«ይቺማ እኔ ነኝ» አለች። «ይህቺን ላክላት።»

ከአፏ ሳትጨርሰው መስታወቷ ጠፋች። ወጋየሁ ካሜራውን ወደ ደረቱ መለሰው፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። ቁልፉን ተጫነ፣ ባትሪውን አውጥቶ መለሰ፣ ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። በቀለች አፏን ከፍታ ታየዋለች። እማዋይሽ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

«ምንም አልሆነ» አለ ወጋየሁ። «ፎቶውን አስቀምጦ መተኛቱ ነው። ገብቷል።»

ለምን እንዲህ አለ? ሌላ ምን ይበል። በሕይወቷ መጨረሻ አንድ ነገር ወዳ ሳለ፣ ያም ጠፋ ብሎ ይንገራት? እኔ በቦታው ብሆን ከዚህ የባሰ እዋሽ ነበር። ግን ውሸት የራሱ ግንብ አለው፤ ገብቷል ካለ በኋላ በየትኛው አፉ እስቲ በፊልም ልድገምሽ ይላል። አብዶ ካሜራውን ከፍቶ ጥቁር ጥቁር የሆነውን ሆዱን አይቶ ክዳኑን መለሰበት፤ በሉ ሂዱ ያለበትን ምላሱን እየረገመ ይመስላል። ፎቶ የምታስቀምጠዋን ካርድ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ዘንድ ወስደው አሳዩ። ባዶ ናት። የፊተኞቹን እማዋይሽ አጥፍታቸዋለች፤ የወደደቻት አንዷ ደግሞ ሳትገባ ነው ካሜራው የሞተው።

ከዚያ ወዲህ እማዋይሽ ሰላም አገኘች። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ፣ ፎቶዬ ወደ ልጄ ሊሄድ ነው፣ መንገደኛ ብቻ ነው የምንጠብቀው ትላለች። እስከ ስልኩ ድረስ መሄድ አቅቷታልና ለናዝሬት ግን ስለ ፎቶው የነገራት የለም። ወጋየሁ በበሩ መቃን ተደግፎ ይሰማል። እውነቱን ልንገራት ብሎ አልጋዋ አጠገብ የተቀመጠበት ቀን ስንት ነው፤ እጁን ትይዘውና ጥሩ አድርገህ አነሳኸኝ ትለዋለች። ይነሳና ይወጣል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ፣ ያነሳቸውን የሰው ሙሽሮች ሲያይ ይጠላቸዋል። አንዷን እንኳ በእሷ ለውጡልኝ የሚለው ሰው የለውም።

በፍልሰታ ጾም፣ ዶፍ በሚወርድበት ጠዋት አረፈች።

ከቀብር መልስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው ሽማግሌዎቹን ይዘው ተቀመጡ። ለናዝሬት ይነገር ወይስ አይነገር ነው ነገሩ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ መርዶ ሰምታ ስትወድቅ ማን ይይዛታል፤ ማንስ ደረቷን ያስለቅቃታል፤ መጥታ በወገኗ መካከል ትስማ አሉ። ወጋየሁም አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። እሁድ እሁድ በቀለች ስልኩን እያነሳች፣ እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ ጸበሉ ተስማምቷታል ትላት ጀመር። ስልኩን ስትዘጋ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ታለቅሳለች።

ካሜራው መቃጠሉንም ናዝሬት አልሰማችም። እሷ ደግሞ ከዚያ ማዶ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲያብብ፣ ከቤሩት የመጣች አንዲት ሴት የወጋየሁን ቤት አፈላልጋ፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጠችው። ፍላሽ ነው። አዲስ፣ ቀላል፣ ራሱ ወደ ላይ የሚታጠፍ፣ ከዚያው ከካሜራው ፋብሪካ የወጣ። ናዝሬት ባለሱቁ የነገራትን ከራሱ የወጣውን ፍላሽ ፈልጋ አግኝታው ኖሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወጋየሁ ሴትየዋን አመስግኖ ሸኘና መኝታ ቤት ገባ። የተጠቀለለው ፍራሽ ዳር ተቀምጦ የፍላሹን ራስ ወደ ኮርኒሱ አዞረ፣ መሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ብርሃኑ ወጥቶ፣ እሷ እንደምትለው፣ ዞሮ ከላይ ወረደ። ባዶው አልጋ ላይ። ደግሞ ተጫነ። እግዚአብሔርን በስሙ ጠርቶ፣ አሁን ነው የምትሰጠኝ አለው፤ ከዚያም ፈርቶ አማተበ።

እሁድ ስልኩ ሲጮህ በቀለች አላነሳም አለች፤ እኔ ውሸቱ አልቆብኛል፣ ዛሬ አንተ አናግራት። ወጋየሁ አነሳው።

«አባዬ፣ ዕቃው ደረሰ?»

«ደርሷል የኔ ልጅ።»

«እማዬን አነሳሃት?»

ለዚህች ቀን ያሰናዳው ብዙ ነገር ነበር፤ መብራት የለም፣ መንገደኛ ጠፋ፣ እናትሽ ከጸበል አልተመለሰችም። አንዱም አልመጣለት አለ።

«አንስቻታለሁ» አላት።

«አየችው?»

«አየችው። ወደደችው።»

ከወዲያ በኩል ናዝሬት ከደስታ ብዛት እያለቀሰች ነበር፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት በእጇ አፏን ይዛ። ቆየት ብላ አፍንጫዋን ሳበች።

«ታዲያ ምነው ሳትልክልኝ?»

«ዓይኗን ጨፍናለች» አለ ወጋየሁ።

ይህን ከየት እንዳመጣው አላወቀም። በቀለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ግድግዳው ዞረች። ናዝሬት ግን ሳቀች፤ ከስንት ወር ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው።

«ዓይኗን ጨፍና ወደደችው? አንተ ደግሞ፣ ዕድሜህን ሙሉ ፎቶ ስታነሳ ኖረህ። ድገማታ።»

«እሺ» አላት። «እደግማታለሁ።»